ጅማ ዳር የእንጨት ቢሮ ሕንፃ አነዳደፍ፦ ከግንድ ግዢ እስከ መጀመሪያው ክረምት

የእንጨት ቢሮ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ስዕሉ የኮንክሪት ሕንፃ ስዕል ነው፤ ኮንክሪቱ ወጥቶ እንጨት ተተክቶበታል። ሁለተኛ፣ እንጨቱ እርጥብ ነው። ዓመት ሳይሞላው በሩ አልዘጋም ይላል። የላይኛው ወለል ሲረገጥ ይነጥራል። ምሰሶው ከእግሩ ይጠቁራል። ከዚያ «ለዚህ አገር ዝናብ እንጨት አይሆንም» ይባልና ሁሉም ወደ ብሎኬት ይመለሳል።

እንጨት ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ነው የሚለየው። በኮንክሪት ሥራ መጀመሪያ ይሳላል፣ ከዚያ ዕቃ ይገዛል። በእንጨት ሥራ ግን መጀመሪያ እንጨቱ ይታወቃል፣ ይገዛል፣ መድረቅ ይጀምራል። ስዕሉ የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ከገለበጣችሁት ቀጥሎ ያለው ሁሉ ጥገና ይሆናል።

መመሪያው በአጋሮ፣ በሰቃ ወይም በሰርቦ መውጫ አካባቢ እስከ ጂ ፕላስ ዋን ለሚሠራ ቢሮ ነው። የመዋቅሩን ስሌት ፈቃድ ያለው መሐንዲስ በኢትዮጵያ የእንጨት መዋቅር ደረጃ ይሠራዋል። እኔ የማስቀምጣቸው ልኮች ከአርክቴክቱና ከመሐንዲሱ ጋር ወሬ ለመጀመር የሚበቁ ናቸው። ልኩን ከዚህ ገልብጣችሁ ወደ ሥራ እንዳትገቡ።

ከሁሉ በፊት፦ ካላንደሩን አስተካክሉ

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እየበረታ ሄዶ እስከ መስከረም ይዘልቃል። አስተማማኙ በጋ ከህዳር እስከ የካቲት ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

- በመጀመሪያው ዓመት ጥቅምትና ህዳር ላይ እንጨቱን ግዙ፣ አስሰንጥቁ፣ ደርድሩ።
- እንጨቱ እየደረቀ ስዕሉን ጨርሱ፣ ፈቃዱን አውጡ።
- መሠረቱን በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ጀምሩ።
- ምሰሶ ማቆሙን ታኅሣሥ ጀምሩ። ጣሪያው የካቲት ሳያልቅ ይልበስ።

አለቃችሁ ወይም አሠሪው «በስድስት ወር ጨርሱልኝ» ካለ ሁለት ምርጫ አላችሁ። አንዱ ደርቆ የሚሸጥ እንጨት ማግኘትና በገዛ ሚዛናችሁ ማረጋገጥ ነው። ሌላው ሥራውን አለመቀበል ነው። እርጥብ እንጨት አቁሞ «እዚያው ይደርቃል» ማለት ምርጫ አይደለም።

ደረጃ 1፦ ቦታውን በዝናብ ሰዓት እዩት

በጋ ላይ ሁሉም መሬት ጥሩ ነው። ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ዣንጥላ ይዛችሁ ሂዱ።

1. ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚወርድ ተከትላችሁ እዩ። ውሃ ተኝቶ የሚውልበትን ቦታ በካስማ ምልክት አድርጉ።
2. በአቅራቢያው ያለ የቆየ ግድግዳ ፈልጉ። ከታች በኩል የጭቃ ፍንጣቂ የተወው ቀይ መስመር አለ። ቁመቱን በሜትር ለኩ። ያ መስመር እንጨታችሁ ከመሬት ስንት ከፍ ማለት እንዳለበት ይነግራችኋል። እሱ ላይ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ።
3. ዝናቡ በየት በኩል ገፍቶ እንደሚመታ ጎረቤት ጠይቁ። የዚያ ጎን ጣሪያ ክፈፍ (ከግድግዳው አልፎ የሚወጣው ጠርዝ) ይረዝማል።
4. አንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አስቆፍሩና አፈሩን ለመሐንዲሱ አሳዩ። ቀይ አፈር ላይ ሥራው ይቀላል። በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር መረሬ ካጋጠማችሁ መሠረቱ ሌላ ንድፍ ይፈልጋል።

ቦዬ ረግረግ አጠገብ ወይም አዌቱ ወንዝ ዳር ርካሽ ቦታ ቢገኝ እለፉት። ረግረጉ የክረምቱን ውሃ የሚይዝ ነው። ያንን ሞልቶ የተሠራ ቢሮ ዘላቂ ሊባል አይችልም፤ እርጥበቱም ለእንጨቱ ጠላት ነው።

ደረጃ 2፦ የሕንፃ ሹሙን ከስዕል በፊት አነጋግሩ

ሹሙ የግንባታ ፈቃዱን የሚሰጠው የመንግሥት ኃላፊ ነው። ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ። ለዚህ ቦታና ለዚህ ከፍታ እንጨት ተሸካሚ መዋቅር ሆኖ ይፈቀዳል ወይ? መዋቅሩ ለስንት ደቂቃ እሳት መቋቋም አለበት? መልሱ 30 ወይም 60 ደቂቃ እንደሆነ የምሰሶው ውፍረት ይለያያል፤ ስለዚህ ሳይታወቅ እንጨት አይገዛም። የፕላን ስምምነቱን በዚያው ጀምሩ።

ደረጃ 3፦ እንጨቱን ምረጡ፣ ምንጩን አረጋግጡ

ዋንዛ፣ ዝግባ፣ የሐበሻ ጽድና ኮሶ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ ልዩ ጥበቃ ያላቸው ዛፎች ናቸው። ቀረሮና ጥቁር እንጨትም ቢሆኑ ከእነ በለጠ ጌራ (በጅማ ዞን ያለ የተፈጥሮ ደን) ዓይነት ደን ተቆርጠው ከመጡ ቢሮው ዘላቂ ነው ማለት አይቻልም። የቡና ጥላ ዛፍም እንዲሁ። ገበሬው ጥላውን ሲሸጥ ቡናውም አብሮ ይጎዳል።

የምትሠሩበት እንጨት ከተተከለ ዛፍ ይምጣ፦

- ባህር ዛፍ። ጠንካራና ከባድ ነው። ለምሰሶና ለትራቭ (ከምሰሶ ምሰሶ ለሚዘረጋው ወፍራም አግዳሚ) ይሆናል። ችግሩ መሰንጠቅና መጣመም ነው።
- የፈረንጅ ጽድ። ቀላልና ቀጥ ያለ ነው። ለወለል ወራጅ (የወለሉን ጣውላ ለሚሸከመው አግዳሚ)፣ ለጣሪያ፣ ለበርና ለመስኮት ይመቻል።
- ግራቪሊያ። ለውስጥ ሽፋንና ለፈርኒቸር እንጂ ለተሸካሚ አታስቡት።

ውጭ አገር የሚታየው ተጣብቆ የሚሠራ ወፍራም ትራቭና የእንጨት ሶሌታ ያምራል። አቅራቢው ዋጋና የማስረከቢያ ቀን በጽሑፍ ካልሰጣችሁ ግን ስዕላችሁን እሱ ላይ አትመሥርቱ። መሰንጠቂያ ቤት ሄዳችሁ መጋዙ የሚያወጣውን ትልቁን ስፋትና ርዝመት ለኩ። እሱ ነው የስዕላችሁ መነሻ።

ግንዱን ስትገዙ፦

1. የሻጩን የመቁረጫና የማጓጓዣ ፈቃድ ወረቀት እዩ፣ ኮፒ ያዙ። ኬላ ላይ ሲያዝ «አላውቅም ነበር» አያዋጣም።
2. የግንዱን ጫፍ እዩ። ከመሀል ወደ ዳር እንደ ኮከብ የተሰነጠቀውን ተዉት።
3. ባህር ዛፍ ሲሰነጠቅ የግንዱ እምብርት ጣውላው ውስጥ እንዳይቀር ለመሰንጠቂያው ንገሩት። እምብርት ያለበት ጣውላ ሲደርቅ ይከፈታል።
4. ጫፎቹን በዚያው ቀን ቀለም ቀቡ። እንጨት በጫፉ በኩል ቶሎ ስለሚደርቅ ነው የሚሰነጠቀው። ያደረ ጫፍ መቀባት ጥቅሙ ትንሽ ነው።
5. ከምትፈልጉት 20 በመቶ ጨምራችሁ ግዙ። ከባህር ዛፍ የሚጣለው ብዙ ነው።

ወፍራም ምሰሶ አንድ ወጥ አድርጋችሁ ለማድረቅ አትድከሙ። 20 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባህር ዛፍ ውስጡ ሳይደርቅ ዓመታት ይቆያል። በምትኩ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸውን ሦስት አራት ጣውላዎች አድርቃችሁ በብሎን አንድ ላይ እሰሩ። ወይም ክብ አጣናውን ቅርፊቱን ልጣችሁ እንደ ክብነቱ ተጠቀሙበት። በክብነቱ ሲቀር የነቀዝና የፈንገስ መከላከያ መድኃኒት የሚጠጣው የውጭ ክፍል ዙሪያውን አይቆረጥም።

ደረጃ 4፦ አድርቁ፣ ከዚያ መዝኑ

ሥራው ሁሉ እዚህ ነው ያለው። ሌላውን ደረጃ ቸኩላችሁ ብታልፉ ይታረማል፤ ይህንን ግን አይሆንም።

እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ አያጥርም ማለት ይቻላል። በስፋቱ ግን ይጠባል። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው እርጥብ የባህር ዛፍ ጣውላ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ሊጠብ ይችላል። አሁን ይህን በወለሉ ወራጅ፣ በትራቩና በግድግዳው የታች እንጨት ላይ ደራርባችሁ አስቡት። ሕንፃው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ይቀመጣል። ደረጃው፣ ቧንቧው፣ የበሩ መቃን ግን አብረው አይወርዱም። በር የማይዘጋው ለዚህ ነው።

አደራደር፦

1. ደረቅ፣ ነፋስ የሚያገኘው መሬት ላይ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ደርድሩ። የመጀመሪያው ጣውላ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል።
2. በየ50 ሳንቲ ሜትሩ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ዘንግ አጋድሙ። ዘንጎቹ እኩል ውፍረት ይኑራቸው።
3. ጣውላ ደርድሩ፣ ዘንግ፣ ደግሞ ጣውላ። የላይኛው ዘንግ ከታችኛው ዘንግ ጋር በአንድ መስመር ይዋል። ከመስመሩ የወጣ ዘንግ ጣውላውን ያጎብጠዋል።
4. አናቱ ላይ ድንጋይ ጫኑ። ከባድ ይሁን።
5. ቆርቆሮ አልብሱ። ጎኑን ግን በላስቲክ አትሸፍኑ። ላስቲክ ዝናብ ይከለክላል፣ እርጥበቱንም ያፍናል፤ ሻጋታ የሚመጣው ከዚያ ነው።

5 ሳንቲ ሜትር የባህር ዛፍ ጣውላ በዚህ ሁኔታ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ቀጭን የፈረንጅ ጽድ በጥቂት ወራት ይደርሳል።

«ደርቋል» የሚለው ሚዛኑ ነው። የእርጥበት መለኪያ ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁም እንዲህ አድርጉ፦

1. ከክምሩ መሀል ጣውላ ምረጡ። ከጫፉ 40 ሳንቲ ሜትር ገብታችሁ 2 ሳንቲ ሜትር ስስ ቁራጭ ቁረጡ። ጫፉን ብቻ ከመዘናችሁ ይዋሻችኋል፤ ጫፍ ሁልጊዜ የደረቀ ነው።
2. ወዲያው ግራም በሚያሳይ ሚዛን መዝኑና ጻፉ።
3. ከ100 ዲግሪ ትንሽ በለጥ ባለ ሙቀት በኤሌክትሪክ ምድጃ አድርቁ። በየጥቂት ሰዓቱ መዝኑ። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል።
4. ልዩነቱን ለደረቁ ክብደት አካፍሉ። መጀመሪያ 260 ግራም፣ ደርቆ 200 ግራም ከሆነ ልዩነቱ 60 ነው። 60 ለ200 ሲካፈል 30 በመቶ እርጥበት ይሆናል።

30 በመቶ ለምንም አይሆንም። ለምሰሶ፣ ለትራቭና ለወራጅ ከ18 በመቶ በታች ይውረድ። ለበር፣ ለመስኮትና ለወለል ጣውላ 12 በመቶ አካባቢ ይድረስ። ከ20 በመቶ በላይ እርጥበት ያለው እንጨት ለሚያበሰብስ ፈንገስ የተመቸ ነው።

*ቢበላሽስ?* ክምሩ ላይ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካያችሁ ነፋስ አጥሯል። ፍቱት፣ በጣውላዎቹ መሀል ያለውን ክፍተት አስፉ፣ ቦታውን ቀይሩ። የተጣመመውን ጣውላ በምስማር አስገድዳችሁ ለማቅናት አትሞክሩ፤ ለአጭር ቁራጭ አውሉት። ትንንሽ ክብ ቀዳዳና ዱቄት ካያችሁ ነቀዝ ነው። ያንን ጣውላ ዛሬውኑ ከሌላው ለዩ።

ደረጃ 5፦ መድኃኒቱ

የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትቀቡ። አገር ምድሩ የሚያደርገው ነው፤ ግን አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። አፈር ይበክላል፣ እሳት ያቀጣጥላል፣ ቢሮ ውስጥ ደግሞ ይሸታል።

ዝናብ ለማይነካው የውስጥ እንጨት የቦራክስና የቦሪክ አሲድ ውህድ ይሠራል፤ ነቀዝንም ፈንገስንም ይይዛል። ዝናብ የሚመታው ላይ ግን ታጥቦ ይሄዳል። ለውጭ ምሰሶ በግፊት የታከመ እንጨት ግዙ፤ ካልሆነ በጣሪያ ሸፍኑት። ቀብታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ የምትቆርጡት ጫፍና የምትበሱት ቀዳዳ ሁሉ እንደገና መቀባት አለበት። ይህን አናጢው ይረሳዋል። አንድ ሰው ብሩሽና የመድኃኒት ጣሳ ይዞ ከመጋዙ አጠገብ ይቁም። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ይኑረው።

ደረጃ 6፦ ፕላኑን ሳሉ

ጅማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ቀትር ላይ ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በሰሜን በኩል፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ትውላለች። ስለዚህ የሕንፃው ረጅም ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ ይዙር። በምሥራቅና ምዕራብ ጎን ደረጃ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ትንንሽ መስኮት አስቀምጡ።

ስፋቱ ከ12 ሜትር አይብለጥ። መስኮቱ አናቱ 2.4 ሜትር ላይ ከሆነ የቀን ብርሃን ከ5 እስከ 6 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ከሁለቱም ጎን ሲገባ 12 ሜትሩ ይሞላል። ነፋሱም ከጎን ወደ ጎን ያልፋል። በጅማ አየር እንዲህ የተሠራ ቢሮ ኤሲ አያስፈልገውም።

በደቡብ በኩል 1.5 ሜትር ቁመት ላለው መስኮት፣ ልክ ከአናቱ የሚጀምር 90 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ በታኅሣሥ ቀትር ሙሉ ጥላ ይሰጠዋል።

አሁን ከባዱን ነገር ሁሉ ከላይኛው ወለል አውርዱት፦

- መዝገብ ቤት። ፋይል ከሰውና ከጠረጴዛ በጣም ይከብዳል። ምድር ቤት ይሁን። በኋላ «ላይ ክፍል ተርፏልና እዚያ እናድርገው» የሚል እንዳይመጣ ስዕሉ ላይ ጻፉት።
- ሮቶ። 5,000 ሊትር ውሃ 5 ቶን ነው። ለብቻው የብረት ወይም የኮንክሪት ማማ ይሠራለት።
- መጸዳጃ ቤት። በድንጋይ ወይም በብሎኬት ከእንጨቱ መዋቅር ለይታችሁ ሥሩት፣ በበረንዳ አገናኙት። ቧንቧ ሲያፈስ እንጨቱ ላይ አያፈስም።
- ቡና የሚፈላበት ቦታ። ይህ ስዕል ላይ ተረስቶ በኋላ ኮሪደር ላይ ይፈጠራል። ከሰል ምድጃ የእንጨት ወለል ላይ አይቀመጥም። ምድር ቤት፣ በረንዳው ዳር፣ ወለሉ ድንጋይ የሆነ፣ ጭሱ የሚወጣበት ቦታ ከመጀመሪያው ስጡት። ካልሰጣችሁት ሰው ራሱ ይመርጣል።

ደረጃ 7፦ የምሰሶና የወለል ልክ

ምሰሶዎቹን በ3.6 ሜትር ርቀት አሰልፉ። ከዚህ ሲሰፋ የእንጨቱ ልክ መሰንጠቂያ ቤት ከሚያወጣው ያልፋል።

ለመነሻ ያህል፣ የወለል ወራጅ ጥልቀት የርዝመቱ አንድ አሥራ ስምንተኛ ነው። 3.6 ሜትር ከሆነ 20 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ወራጆቹ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ይቀመጡ። የሚሸከማቸው ትራቭ የርዝመቱ አንድ አሥራ ሁለተኛ፣ ማለትም 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ለቢሮ ወለል በካሬ ሜትር 300 ኪሎ የሚሆን ጭነት እንዲያሰላ ለመሐንዲሱ ንገሩት። የክፍልፋይ ግድግዳው ክብደት ለብቻው ይደመራል።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ወለሉ ይነጥራል ወይ?» የማይሰበር ወለል ሊነጥር ይችላል። በሰው እርምጃ ኮምፒውተር የሚያንቀጠቅጥ ቢሮ ማንም አይወድም። የወለሉ ንዝረት በሴኮንድ ከ8 ጊዜ በታች እንዳይሆን ይሰላ።

*ቢበላሽስ?* ወለሉ ተሠርቶ ከነጠረ፣ በወራጆቹ መሀል በቁመታቸው ልክ የተቆረጡ ማገጃ ጣውላዎችን በሁለት መስመር አስገቡ። አሁንም ካልበቃ ከሥር መሀሉ ላይ ተጨማሪ ትራቭ ይግባ። ከላይ ሊሾ ማፍሰስ ግን ሳትጠይቁ አታድርጉ፤ ክብደቱ ነገሩን ያብሰዋል።

ደረጃ 8፦ የምሰሶው እግር

ምሰሶን ኮንክሪት ውስጥ አትቅበሩ። ኮንክሪቱ እንጨቱን እንደ ኩባያ ይዞ ውሃ ያጠራቅምበታል። በትክክል የሚሠራው እንዲህ ነው፦

1. ከምሰሶው ሥር የድንጋይ ወይም የኮንክሪት እግር አውጡ። ከተስተካከለው መሬት ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። በደረጃ 1 የለካችሁት የጭቃ መስመር ከዚህ የሚበልጥ ከፍታ ከጠየቀ በእሱ ሂዱ።
2. የእግሩን አናት ወደ ውጭ አዘንብሉት። ጠፍጣፋ አናት ውሃ ይይዛል።
3. ጋልቫናይዝድ የብረት ጫማ ቅበሩ። ጫማው እንጨቱን ከኮንክሪቱ 3 ሳንቲ ሜትር ያንሳው። በዚያ ክፍተት ጣታችሁ መግባት አለበት።
4. የምሰሶውን የታች ጫፍ መድኃኒት ባለበት ባልዲ ውስጥ አቁማችሁ አሳድሩ። ውሃ የሚጠጣው በዚያ በኩል ነው።
5. በብሎን እሰሩ። ጫማው ከታች እንደ ሳህን የተዘጋ ከሆነ የውሃ ማውጫ ቀዳዳ ብሱ።

አሁን ምስጥ። ከወለሉ ሥር የቀረ ጉቶ፣ የፎርም ወርክ (የኮንክሪት መያዣ ጣውላ) ቁራጭ፣ የሲሚንቶ ወረቀት ሁሉ ይውጣ። አንድም አይቅር። ምስጥ ቢሮውን ፈልጎ አይመጣም፤ መጀመሪያ የሚመጣው ለዚያ ቁራጭ ነው። በእግሩ አናት ላይ ጠርዙ ወደ ታች የታጠፈ ላሜራ አድርጉ። ምስጥን አይገድልም። ግን የአፈር ቱቦውን ዞሮ በግልጽ እንዲሠራ ያስገድደዋል፣ እናንተም ታያላችሁ። ለማየት ደግሞ ሰው ከወለሉ ሥር መግባት መቻል አለበት። 60 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ተዉ፤ ዙሪያውን በሽቦ ወንፊት ዝጉት እንጂ በግንብ አትድፈኑት።

ደረጃ 9፦ መገጣጠሚያ

ባህር ዛፍን ሳትበሱ ምስማር አትምቱበት፤ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ከምስማሩ ቀጠን ባለ መብሻ በትራፓኖ ብሱ። ብሎን ከእንጨቱ ጫፍ የውፍረቱን ሰባት እጥፍ ይራቅ፣ በምንም መንገድ ከ8 ሳንቲ ሜትር አይነስ። 12 ሚሊ ሜትር ለሆነ ብሎን 8.4 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ከዳዶው ሥር ሰፊ ሮንዴላ ይግባ፤ ካልገባ ዳዶው እንጨቱን በልቶ ይሰምጣል።

ብረቱ ሁሉ ጋልቫናይዝድ ይሁን። የባህር ዛፍ አሲድ ተራ ምስማርን ያዝገዋል፣ ግድግዳው ላይም ጥቁር እንባ ያወርዳል።

ሰፊ ትራቭ በብረት ሳህን ሲታሰር ቀዳዳዎቹን በቁመት ሞላላ አድርጉ። እንጨቱ ሲጠብና ሲሰፋ ቦታ ያገኛል። ክብ ብቻ ከሆኑ በብሎኖቹ መስመር ይሰነጠቃል። በሁለቱም አቅጣጫ ሰያፍ ማጠናከሪያ ይኑር። ቋሚና አግዳሚ ብቻ ያለው መዋቅር ነፋስና መሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ይተኛል።

ደረጃ 10፦ ጣሪያ

የእንጨት ቢሮ መድኃኒቱ ጣሪያው ነው። ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በረንዳ ተመልከቱ፤ ግድግዳው ከጣሪያው ጠርዝ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገባ ለኩ።

ክፈፉ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ዝናብ በሚመታበት ጎን 1.2 ሜትር ይውጣ። ለታችኛው ፎቅ ግን ይህ አይበቃም፤ ከፍታው ስለራቀ ዝናቡ ከሥር ይገባል። በሁለቱ ፎቆች መሀል ሁለተኛ የዝናብ መከላከያ ወይም በረንዳ ጨምሩ። የጣሪያው ዘቅዛቃነት ከ20 ዲግሪ አይነስ።

አሸንዳውን ከግድግዳው ውስጥ አትደብቁት። ሲያፈስ ውጭ ይፍሰስ። 300 ካሬ ሜትር ጣሪያ በዓመት 450,000 ሊትር ይቀበላል። አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 360,000 ሊትር ይተርፋል። ለመጸዳጃና ለጽዳት አጠራቅሙት። የሞላው ውሃ የሚሄድበት ቦይ ግን ይኑር፤ ወደ ጎረቤት ግቢ አትልቀቁት።

ስለ ድምፅ። ሐምሌ ላይ ባዶ ቆርቆሮ ሥር ስብሰባ አይካሄድም። ከቆርቆሮው ሥር ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት፣ ከዚያ የጣውላ ሽፋን፣ ከዚያ ለብቻው የተንጠለጠለ ከበድ ያለ ኮርኒስ አድርጉ። ስስ ኮርኒስ ብቻውን ድምፅ አያቆምም። ክፍተቱን ለወፍና ለአይጥ በወንፊት ዝጉት።

ደረጃ 11፦ እሳት

ወፍራም እንጨት ከውጭ ይከስላል፣ ውስጡ ግን ይሸከማል። የፈረንጅ ጽድን ለመሰለ እንጨት ስሌቱ በደቂቃ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚያ ላይ 7 ሚሊ ሜትር ይጨመራል። ለ30 ደቂቃ በእያንዳንዱ ጎን 31 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትራቭ ከሁለት ጎን ቢቃጠል 8.8 ሳንቲ ሜትር ይቀረዋል። ጭነቱን ያ ይሸከም እንደሆነ መሐንዲሱ ያሰላል።

5 ሳንቲ ሜትር ወራጅ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ አልቋል። ስለዚህ ወራጆቹ ከሥር በጂፕሰም ቦርድ ይሸፈኑ። ያልተሸፈነ ብረት በእሳት ቶሎ ይለሰልሳልና የብረት ሳህኖቹ እንጨቱ ውስጥ ይግቡ። ከላይኛው ፎቅ ሁለት መውረጃ ይኑር፣ አንዱ በድንጋይ ወይም በብሎኬት የተከበበ። የኤሌክትሪክ ገመድ ሁሉ በቱቦ ይለፍ፤ ጄኔሬተሩ ከሕንፃው ይራቅ።

ደረጃ 12፦ አቁሙት

እግሮቹን በውሃ ልክ አስተካክሉ። የሕንፃውን ሁለት ሰያፍ ርዝመት ለኩ፤ እኩል ካልሆኑ አራት ማዕዘኑ ተጣሟል፣ አሁኑኑ አርሙት። የመጀመሪያውን ክፍል አቁማችሁ በሁለት አቅጣጫ በጊዜያዊ እንጨት ደግፉ፣ ምሰሶውን በቱንቢ እዩ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ሂዱ። ቋሚው ሰያፍ ሳይታሰር ጊዜያዊው አይነሳ። አናጢዎቹ ለሌላ ቦታ ሲፈልጉት ያነሱታል፤ ተቆጣጠሩ።

ያልተሠራበት ጣውላ ሳይት ላይ መሬት ላይ አይደር። ያደረቃችሁት አንድ ዓመት በአንድ ሳምንት ዝናብ ሊመለስ ይችላል።

*ቢበላሽስ?* ጣሪያው ሳይለብስ ዝናብ ከቀደማችሁ የቆመውን መዋቅር ከላይ በሸራ ሸፍኑ፣ ጎኑን ክፍት ተዉ። ከቆመ በኋላ ቁራጭ ወስዳችሁ እንደገና መዝኑ። ከ18 በመቶ በታች ሳይመለስ ግድግዳና ኮርኒስ አትዝጉበት። ኮንትራክተሩ ይነጫነጫል። ይነጫነጭ።

ደረጃ 13፦ የመጀመሪያው ክረምት

ሥራው በርክክብ አያልቅም። ለጥገናው ኃላፊ የተሰጠ፣ የሚፈረምበት አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጁ፦

1. ከሦስት ወር በኋላ ብሎኖቹን ሁሉ አጥብቁ። እንጨቱ ትንሽ ስለሚጠብ ይላላሉ። ለመፍቻ የሚሆን ቦታ በኮርኒሱ ላይ ክዳን ሆኖ ይተው።
2. ሚያዝያና ነሐሴ ላይ አሸንዳ አጽዱ።
3. በትልቅ ዝናብ ማግሥት ግድግዳውን ዙሩ። የጭቃው ፍንጣቂ እንጨቱ ጋ ከደረሰ የግድግዳውን ሥር በጠጠር ልበሱት።
4. በየወሩ በባትሪ ከወለሉ ሥር ግቡ። የምስጥ ቱቦ ካያችሁ አፍርሱት፣ የመጣበትን ቦታ ፈልጉ፣ ባለሙያ ጥሩ።
5. የእያንዳንዱን ምሰሶ እግር በወስፌ ውጉ። ደህና እንጨት አያስገባም። ወስፌው በቀላሉ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከገባ መበስበስ ጀምሯል። መጀመሪያ የውሃውን ምንጭ ዝጉ፣ ከዚያ ትራቩን በጃክ ደግፋችሁ የታችኛውን ክፍል ቆርጣችሁ በደረቅ እንጨት ተኩ። ለዚህ ነው ምሰሶው በብሎን የታሰረው።
6. ክረምት ላይ በር ቢጠብቅ ወዲያው አትላጉት። ህዳር ድረስ ጠብቁ። ያኔም ካልዘጋ ላጉና የተላገውን ጠርዝ በዚያው ቀን ቀለም ቀቡ።